ነቀምት ምን አለ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ ኮሚቴው ይህን ሃያ ደቂቃ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። እንዴት እንደተሰጠኝ ግን ሁላችሁም አታውቁም። ባለፈው የዝግጅት ስብሰባ ላይ የሚቀጥለው የመገናኛ ቀናችን ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁን ተባለ። አንዱ ቢሾፍቱ አለ። ሌላዋ ሀዋሳ አለች። ከአሜሪካ በስልክ የገባው ጓደኛችን ደግሞ ላንጋኖ ካልሆነ አልመጣም አለ። እኔ እጄን አውጥቼ “ነቀምት” አልኩ። ሳቅ ሆነ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ኢንተርን ሳለን በራውንድ ላይ አንዱ የተሳሳተ መልስ ሲመልስ የምንስቀው ዓይነት ነበር። ከዚያ አንድ ወንድማችን፣ ስሙን አልጠራም፣ አሁንም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ “ነቀምት ምን አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሰብሳቢያችንም “እንግዲያው መጥተሽ ንገሪን” አሉኝ። መጥቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ነቀምት ተወልጄ አድጌ፣ ከእናንተ ጋር ጥቁር አንበሳ ስድስት ሰባት ዓመት ተንከራትቼ፣ በቀዶ ሕክምና ተመርቄ ተመልሼ እዚያው እየሠራሁ፣ ለእንግዳ ምን እንደማሳይ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰው የገዛ ቤቱን አይጎበኝማ።

ደግሞ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛው ክፍል አንዱ ከውጭ አገር ለአራት ቀን የነጻ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መጥቶ ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ይቆማል። እግሩ አብጦ ነበር የሚተኛው። በአራት ቀን ውስጥ የበላው በሙሉ ሆቴሉ የሚያቀርበው ፓስታ በስጎ ነው። በመጨረሻው ቀን መኪና ሊገባ ሲል “ለመሆኑ ከተማሽ ምን ይበላል?” አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ “ያው እንደ ሁሉም ቦታ ነው” ብዬ ሸኘሁት። የሰው አገር ሰው ለአገሬ ልጆች አራት ቀን ቆሞ ሲያክም፣ እናቴ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ሆና አንድ ትሪ አንጮቴ ሳላቀምሰው ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። በአንጮቴው ምክንያት ነው አልልም፤ ግን ሰው ያልቀመሰውን አገር ምን ብሎ ይናፍቃል?

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሱም ጭምር ነው።

ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር ታልፋላችሁ። ስለ አምቦ እኔ አልነግራችሁም፤ ውሃውን ጠጥታችሁ ነው ያደጋችሁት። ጌዶ ላይ ብርዱ ይቀበላችኋል፤ ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ባኮ ይወርዳል፤ ጋቢ የያዘውም ይቆጨዋል። ባኮ 250 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ብዙ ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ የተለቀቀው እዚያ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ይህ በቆሎ በአገራችን ስንቱን ቤት እንደመገበ የግብርና ሰዎች ይናገሩ። የእኔ ምክር አጭር ነው። በነሐሴና በመስከረም የምታልፉ ከሆነ ባኮ ሳትደርሱ አትብሉ። በመንገድ ዳር ሴቶችና ልጆች በከሰል ላይ እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ። አንዱን ገዝታችሁ ሁለተኛውን ሳትደግሙ አትሄዱም።

ከባኮ በኋላ በሲሬ አድርጋችሁ ነቀምት ትገባላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፎ ባለ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናብ ይወዳታል። የእኛ አገር ልጅ ዣንጥላ ከስሙ ቀጥሎ የሚያውቀው ነገር ነው።

ነቀምት ውስጥ መጀመሪያ የማስጎበኛችሁ የኩምሳ ሞሮዳን ግቢ ነው። የለቃ ነቀምቴ ገዢዎች ቤተ መንግሥት ነው። ሞሮዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለምኒልክ በሰላም ገበረ፤ ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ግቢው አንድ ትልቅ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤቶች ያሉበት፣ የእንጨት ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ፣ ዛፍ የከበበው ሰፊ ግቢ ነው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ ባለቤቶቹ ብዙ መከራ አይተውበታል። በኋላ ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል። ልጅ ሳለሁ በአጥሩ ስንጥቅ እናይ ነበር እንጂ አልገባንበትም። የመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ሐኪም ሆኜ ነው። አስጎብኚው “እዚህ ፍርድ ይሰጥ ነበር፣ እዚህ እንግዳ ይበላ ነበር” ሲለኝ፣ የአያቴ አባት እዚህ ግቢ በር ላይ ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ ይሆን እያልኩ ነበር።

ቀጥሎ የወለጋ ሙዚየም አለ። ትልቅ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የእንጨት ገበታው፣ የቀንድ ማንኪያው፣ የወተት ዕቃው፣ ስፌቱ ሁሉ አለ። ስለ ምግብ ከማውራቴ በፊት ይህን ማየታችሁ ጥሩ ነው፤ ማታ እናቴ ቤት የምትበሉበት ዕቃ ምን ይባል እንደነበር ቀን ላይ አይታችሁ ትመጣላችሁ።

ነቀምት የኦነሲሞስ ነሲብም ከተማ ናት። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በኋላ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመ ሰው ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ለእንግዳ የማነሣው አስቴር ጋኖን ነው። እሷም እንደሱ ከባርነት የወጣች ናት። ለትርጉሙ የቃላቱን ሀብት የሰበሰበችው፣ ተረቱንና እንቆቅልሹን ከአፏ የጻፈችው እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ፊደል መማሪያ መጽሐፍ ላይም ሥራዋ አለ። በኋላ ወደ ነቀምት መጥታ አስተምራለች። ስንቶቻችን ነን ስሟን ሰምተን የምናውቀው? እኔ ራሴ የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ እዚያው ከተማ አድጌ።

አሁን ደግሞ እኛን ስለሚመለከት ነገር ላንሣ። ሁላችንም “ጥቁር አንበሳ ነው የተማርኩት” እንላለን። በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከገባች በኋላ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ አርፈው ነበር። ወለጋን በሰላም ለመያዝ ነበር ሐሳባቸው። በ19 ለ20 ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡት ሁሉ ሞቱ፤ የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነው። የጥቁር አንበሳ ጦር መሪ ማን ነበር? ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። የምን ዶክተር? የእንስሳት ሐኪም! ከእናንተ መካከል ከእንስሳት ሐኪም ጋር ያገባችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ንገሩልኝ። ቦናያ ስትሄዱ ሜዳ ነው የምታዩት። እኔ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ያንን ስም ሳስብ ደስ ይለኛል።

ይበቃል፤ ወደ ማዕዱ እንሂድ። ወንድሜ “ምን አለ?” ያለው በዋናነት ለሆዱ መሆኑን አውቃለሁ።

አንጮቴ። ያልቀመሳችሁት ካላችሁ ከቅል ወገን የሆነ ሐረግ ነው፤ የሚበላው ሥሩ ነው። ድንች ይመስላል ይላሉ፤ አይመስልም። ከድንች ይከብዳል፣ ጣዕሙም ትንሽ ወደ ለውዝ ያደላል። በበልግ ዝናብ ይተከላል፣ ለመስቀል ይደርሳል። በእኛ ቤት መስቀል ያለ አንጮቴ ገና ያለ ዶሮ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ሥሩ ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ልጣጩ የሚነሣው ከበሰለ በኋላ ነው። ጥሬውን ልጠው የሚቀቅሉ የከተማ ልጆች አሉ፤ እናቴ እንዳትሰማችሁ። ከዚያ ይደቅቃል፤ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላውም ቅመም የገባበት የነጠረ ቅቤ ይፈስበታል። አይብ በጎን፣ ቆጭቆጫ በጎን። በትኩሱ ነው። ከቀዘቀዘ አንጮቴ አይደለም።

ስለ አንጮቴ ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ብወርድ ይህን ንግግር መሥራቴ ዋጋ የለውም።

በአገራችን አንጮቴ “አጥንት ይጠግናል” ይባላል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ የወለደች ሴት፣ እያደገ ያለ ልጅ አንጮቴ ይበላል። የምግብ ጥናት ባለሙያዎች ሲመረምሩት ከሌሎች ሥራሥሮች ይልቅ ካልሲየሙ ጥሩ ሆኖ አግኝተውታል፤ ሲቀቀል ደግሞ ካልሲየሙን የሚይዘው ኦክሳሌት ይቀንሳል። እና እናቶቻችን ከነልጣጩ መቀቀሉን በከንቱ አልያዙትም።

ስፔሻላይዝ አድርጌ በተመለስኩበት በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣ። ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። በወለጋ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የማንጎ ወቅት ሲደርስ የክንድ ስብራት ይደርሳል። ወጌሻ አስሮታል። በቀርከሃ፣ ጥብቅ አድርጎ። በስድስተኛው ቀን ነው ያመጡት። ጣቶቹ ጥቁር ነበሩ። ምን እንደምናገር ታውቃላችሁ። ቆረጥነው።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባታችን በፊት አያቱ አጠገቡ ተቀምጣ በትንሽ ሳህን አንጮቴ በቅቤ ታጎርሰው ነበር። ልጁ ደግሞ ለማደንዘዣ ምንም መብላት የለበትም። እኔ ጮህኩ። “አዴ፣ ይህ ነው እጁን የጨረሰው! አንጮቴ እጅ ያድናል ብላችሁ ነው ስድስት ቀን ቤት ያስቀመጣችሁት!” አልኳት። ነርሶቹ ሁሉ ሰሙ። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልመለሰችም። ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

የነገርኳት ውሸት ነበር። እጁን የጨረሰው አንጮቴ አይደለም፤ የታሠረበት ማሰሪያ ነው። አንጮቴው ምንም አላደረገውም። ያቺ ሴት ባላት ሁሉ ልጇን ለማዳን እየታገለች ነበር፤ የምታውቀውን መድኃኒት ነበር የያዘችው። እኔ ደግሞ አጥንት ስለሚጠግነው ምግብ የማውቀውን ያህል ስለ ደም ዝውውር ለዚያ ወጌሻ የነገረው ሰው አልነበረም። ልጁ ሲወጣ አያቱ ተመልሳ መጣች። በፌስታል አራት አንጮቴ አስቀምጣልኝ ሄደች። “ለልጆችሽ ቀቅዪላቸው” ነው ያለችው። በዚያ ቀን ቤቴ ሄጄ ምን እንዳደረግሁ አልነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ነርሶች ጋር ሆነን ወጌሾችን መጥራት ጀመርን። ቡና አፍልተን ነው የምናወራው። “አትሠሩ” አንልም፤ ብንልም አይሰሙንም። “ያሰራችሁት ልጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ በዚያው ሰዓት ፍቱ፣ ወደ እኛ ላኩ” ነው የምንለው። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ ጨርሶ አትንኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ትምህርቱ። አንዳንዶቹ አሁን ስልክ ይደውላሉ። ለበሽተኛው ቤተሰብ ደግሞ “አንጮቴውን አብሉት፤ ከእኛ ከወጣ በኋላ” እላለሁ። የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊስት የሆናችሁ ወንድሞቼ አንድ ቀን እንኳ ከእነዚህ ወጌሾች ጋር ቡና ብትጠጡ ከእኔ የተሻለ ታስተምሯቸዋላችሁ። ነቀምት ኑ የምላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሽርሽር ብቻ አይደለም።

ወደ ማዕዱ ልመለስ፤ ፊታችሁ ጠቆረ።

ጩምቦ ደግሞ የክብር እንግዳ ምግብ ነው። ከጤፍ ሊጥ ወፈር ተደርጎ የሚጋገር ነው። ቅቤ ይጠጣል፣ በላዩ አይብና በርበሬ ይሆናል። ሠርግ ላይ፣ በዓል ላይ፣ አማች ሲመጣ ይቀርባል። በአንድ ትልቅ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚበላው። የልብ ሐኪሞቻችን ቅቤው ስንት ግራም ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁ። አይለካም። ጨጨብሳንና ገንፎን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የእኛ ገንፎ መሐሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ ግን ጠለቅ ይላል። የኦሮሞ ድንች የምንለውም አለ፤ ከተለመደው ድንች ቀጠን ረዘም ያለ ነው፤ እያነሰ የመጣ ነገር ነውና ገበያ ላይ ካገኛችሁ አታሳልፉት።

ቡናውን ለብቻው ልንገራችሁ። የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ የሚታወቀው በከተማዋ በድሮ ስሟ፣ “ለቀምት” ተብሎ ነው። ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ጣዕሙም ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። አውሮፓ ቡና ቤት ገብታችሁ በዚህ ስም ስታዩት “ይሄ የኛዋ ጓደኛ አገር ነው” በሉ። እኛ ዘንድ ግን ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ይበላል። “ቡና ቀላ” ይባላል፤ “የታረደ ቡና” ማለት ነው። የደረቀው የቡና ፍሬ ጫፉ ተገምጦ በቅቤ ይጠበሳል፤ ለምርቃት፣ ለእርቅ፣ ለትልቅ እንግዳ ይቀርባል። ቅቤ ውስጥ ሲፈነዳ የሚወጣው ሽታ... ይህን በቃል መግለጽ አልችልም፤ መጥታችሁ አሽትቱ። ገጠር ከሄዳችሁ ደግሞ የሚፈላው ቡና በጨው ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ። እንደውም እኔ ስጋበዝ ጨው ዕቃውን አንሥቼ አዮዲን ያለው መሆኑን አያለሁ፤ እንቅርት የበዛበት አገር ስለሆነ ነው። አንዲት ባልቴት “ዶክተር፣ ቡና ልትጠጪ ነው ወይስ ልትመረምሪኝ?” ብላኛለች።

አንድ ሥነ ሥርዓት ልብ በሉ። መንገድ ላይ ስታልፉ የማታውቁት ሰው ከደጁ “ኮታ ቡና ዹጋ” ይላችኋል። ኑ ቡና ጠጡ ማለት ነው። የምር ነው የሚለው። ከቸኮላችሁ “ገለቶማ” ብላችሁ አመስግናችሁ እለፉ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ነውር ነው።

ከነቀምት ወዲያ ያለውን በፍጥነት ልበላችሁ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ካፖርታችሁን አውልቁ። ሙቀት፣ ማንጎ፣ ወባ። የማንጎው ነጭ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002 ዓ.ም. በእኛው በጉቶ ጊዳ ነው፤ ዛፉን ብዙ ጎድቶታል፤ ማንጎው ግን አሁንም አለ። በሐሩር በሽታዎች ላይ የምታስተምሩ መምህሮቻችን ደግሞ የአንገርና የዴዴሳ ሸለቆ የመማሪያ መጽሐፋችሁ ነው፤ ወባውም፣ ኦንኮሰርካው፣ ከብቱን የሚፈጀው የቆላ ዝንብም እዚያ ነው። ሸለቆውን ወጥታችሁ ግምቢ ትደርሳላችሁ፤ ቡናው በከተማው ጫፍ ይጀምራል። በኅዳር ከሄዳችሁ በየደጁ ቀይ የቡና ፍሬ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ከግምቢ ወዲያ የወርቅ አገር ነጆ፣ ፕላቲነም የሚወጣበት ዩብዶ፣ ከዚያም ደምቢ ዶሎ አለ። ደምቢ ዶሎ በማርና በወርቅ ሠሪዎቿ የታወቀች ናት። ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን ተሻግሮ ሥራ የጀመረው እዚያ፣ በሳዮ ነው፤ በኋላ አዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል የሠራው እሱ ነው። ከከተማዋ ወዲያ ቱሉ ወለል የሚባለው ተራራ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አልወጣሁትም፤ ጉልበቴ እያለ የሚወጣ ካለ አብሬ እሄዳለሁ። ወደ ሰሜን ደግሞ ሆሮ ጉዱሩ ነው፤ ሻምቡ፣ ፊንጫ፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ጦር የተዋጉበት እምባቦ። የሆሮ በግ የሚባለውን ጥብስ የምትወዱ ሰዎች እዚያ ሄዳችሁ ብሉት፤ ከዚያ በኋላ የሌላ አገር በግ ምን እንደሚላችሁ እኔ አላውቅም።

ቅርብ የምትፈልጉ ከሆነ ቆምቶ የሚባል ደን ከነቀምት አሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ አለ። ጧት ማልዳችሁ ብትሄዱ ጉሬዛ ታያላችሁ። እኔ ከባድ ሌሊት ካደርኩ በኋላ እዚያ ነው የምሄደው።

አሁን ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣው። “ሰላሙስ?”

አላታልላችሁም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋ ብዙ አይታለች። ሰው ሞቷል፤ ኦሮሞውም አማራውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራቡ በኩል ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ መንዲ የነበረችው አክስቴ መሞቷን የሰማሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ የምትቀርበት ጊዜ ነበረ። የዘመቻ ሐኪሞችም መምጣት ተዉ። አልፈርድም፤ ልጆች ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ እዚያው ነን። ያስተማራችሁን እየሠራንበት ነው። ሬዚደንቶችም አሉን፤ ከእኔ ሌላ ሁለት እጅ አይተው የማያውቁ ሬዚደንቶች ናቸው። ከእኔ የሚማሩት የእኔን ስሕተት ጭምር ነው። ፕሮፌሰር፣ እርስዎ አንድ ጊዜ መጥተው አንድ ሄርኒያ ሲሠሩ ቢያዩ እኔ ሁለት ዓመት ከምነግራቸው ይበልጣል።

ስለዚህ እንዲህ እንስማማ። ነቀምት ድምፅ ካገኘ እኔ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከዚያ ደግሞ ዋዜማው ላይ ለሰብሳቢያችን እደውላለሁ። “አትምጡ” ካልኩ አትምጡ፤ ላንጋኖ ሂዱ፣ አልቀየምም። “ኑ” ካልኩ ግን “እስቲ እናስብበት” የለም። እኔ ሰው አገሬ ጠርቼ አደጋ ላይ አልጥልም። ግምቢና ደምቢ ዶሎም በዚያው ሚዛን ነው የሚታየው፤ ነቀምት ድረስ መጥተን የቀረውን እዚያ ሆነን እንወስናለን።

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ቢሆን ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ቡናው መቅላት ይጀምራል፣ አንጮቴውም ገና ከመሬት አልጠፋም። ሁለት ቀን ለሥራ፣ አንድ ቀን ለዞር ዞር። ሆቴል አለ፤ ባለ ኮከብ አትጠብቁ፤ ውሃው የሚሄድበት ቀን ስላለ ባልዲ እንዳያስደነግጣችሁ። ሹራብ ያዙ፤ ዴዴሳ ለማደር ያሰበ ካለ አጎበር ይያዝ። ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ደግሞ መድኃኒቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ፋርማሲ አልልክም። ከውጭ የምትመጡ ጓንትና የቀዶ ክር በሻንጣችሁ ጥግ ብትይዙ ከቸኮሌቱ ይልቅ ደስ ይለኛል፤ ለቸኮሌቱም እምቢ አልልም።

ድምፁ ከምሳ በኋላ እንደሚሰጥ ተነግሮኛል። ጉቦ እንዳይባልብኝ ኮሚቴውን አስፈቅጃለሁ። ምሳው ጠረጴዛ ላይ በስተግራ በኩል ያለው አገልግል የእናቴ ነው። ትናንት ማታ ቀቅላ ሌሊት ከእኔ ጋር ነው የመጣው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያሉት እህቶቻችን አሙቀውልኛል። ቆጭቆጫው በትንሹ ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ተጠንቀቁት። ነቀምት ምን አለ ያልከው ወንድሜ አንተ መጀመሪያ ተነሥ። ቅቤው ሳይረጋ።